ከመሬት በታች ያለው የአሜሪካ ታሪክ

አርኬዎሎጂ የሚባለው ትምህርት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የግብጽ ፒራሚድ ወይም የአክሱም ሐውልት ነው። ይኸውም ዕድሜው በሺህ የሚቈጠር፣ ጽሑፉም የጠፋ ወይም ለማንበብ የሚያስቸግር ነገር ማለት ነው። እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ጸንተው መኖር ከጀመሩ ግን አራት መቶ ዓመት አልፎ ጥቂት ቢጨመርበት ነው። ደብዳቤአቸው፣ የሒሳብ መዝገባቸው፣ የፍርድ ቤት ክርክራቸው ሳይቀር በየቤተ መዛግብቱ ተቀምጧል። ታዲያ ይህን ያህል ወረቀት እያለ መሬት መቈፈር ለምን አስፈለገ? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም መልሱን በሦስት ቦታዎች ታሪክ ለማሳየት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የማነሣው በፔንሲልቬንያ የሚገኘውን ፎርት ኔሴሲቲ የተባለውን ትንሽ ምሽግ ነው። ስሙ በእኛ ቋንቋ «የችግር ጊዜ ምሽግ» እንደ ማለት ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት በነበረችው በቨርጂንያ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነው፣ ጁላይ 3 ቀን 1754 ከፈረንሳዮች ጋራ የተዋጉት በዚህ ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ዋለ፤ ባሩዱ ረጠበ፤ ከሰዎቻቸውም ብዙዎቹ ሞቱና ቈሰሉ። በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። ዋሽንግተን በዕድሜአቸው ሙሉ ለጠላት እጃቸውን የሰጡት ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፈረንሳዮችም ምሽጉን አቃጥለውት ሄዱ።

ዋሽንግተን በኋላ የአገራቸው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሰዉ ሁሉ ይህ ምሽግ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማወቅ ፈለገ። በ1816 መሬቱን የለካ አንድ ቀያሽ ሦስት ማእዘን ነው አለ። በ1830 ቦታውን የጐበኙት የታሪክ ጸሐፊ ጃሬድ ስፓርክስ ደግሞ አራት ማእዘን አድርገው ሣሉት። ሁለቱም ውሸታሞች አልነበሩም፤ በሣሩ ላይ የሚታየውን የዐፈር ጕብታ ተከትለው ነበር የለኩት። በ1932 ምሽጉ ለመታሰቢያ እንደ ገና ሲሠራ በዚሁ በጕብታው መስመር ላይ ማእዘን ያለው ቅጥር ቆመ። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ባለፈ በአምስተኛው ዓመት በዚያ በኩል ያለፉ አንድ ኮሎኔል ክብ ቅጥር ማየታቸውን ጽፈው ነበርና፣ ክርክሩ በወረቀት ብቻ ሊያልቅ አልቻለም።

በ1952 ጄ. ሲ. ሃሪንግተን የተባሉት ቈፋሪ ተላኩ። ሚስተር ሃሪንግተን ቦታውን ሲከፍቱት የቅጥሩ ግንዶች የታችኛው ጫፍ በረጠበው መሬት ውስጥ ሳይበሰብስ ተገኘ። ግንዶቹም ተራ በተራ ሲታዩ ክብ ሠሩ። የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 53 ጫማ ወይም 16 ሜትር ያህል ነበር። ጕብታው ታዲያ ምን ነበር? ቢባል፣ ወታደሮቹ ከቅጥሩ ውጭ ተኝተው የሚተኩሱበት የቦይ ዐፈር ነበር። ስለዚህ በ1954 የጦርነቱ ሁለት መቶኛ ዓመት ሲከበር የቆመው ቅጥር ፈርሶ ክብ ሆኖ ተሠራ። ጐብኚዎች 22 ዓመት ሙሉ የተሳሳተውን ምሽግ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ኖሩ ማለት ነው።

የምሽግ ቅርጽ ክብ ሆነ አራት ማእዘን ምን ይጠቅመናል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልደከምኩበት ነበር። ነገር ግን የእኒሁ የዋሽንግተን ስም ያለበት ሌላ ቦታ አለ፤ በዚያ የተገኘው ነገር ከቅርጽ ያለፈ ነው።

ፊላዴልፊያ ከ1790 እስከ 1800 የአሜሪካ ዋና ከተማ ነበረች። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን በዚያ ሲኖሩ ከእርሻቸው ከማውንት ቨርነን ዘጠኝ ባሮች አምጥተው ነበር። በፔንሲልቬንያ ሕግ መሠረት ከሌላ አገር የመጣ ሰው ባሪያውን ከስድስት ወር በላይ በዚያ ካቈየ ባሪያው ነጻ ሊወጣ ይችል ነበርና፣ ፕሬዚዳንቱ ስድስት ወር ሳይሞላ እያፈራረቁ ከክፍለ ሀገሩ ያስወጧቸው ነበር። ኦና ጀጅ የምትባለው ወጣት የወይዘሮ ዋሽንግተን አገልጋይ በ1796 ከዚህ ቤት አመለጠች፤ እስክትሞት ድረስም አልተያዘችም። ሄርኩሊስ የሚባለው ወጥ ሠሪም በ1797 አመለጠ። ቤቱ በ1832 ፈረሰ። በኋላም በቦታው ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶበት ብዙ ዓመት ቈየ፤ ከታች የቀረ ነገር ይኖራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም።

በ2007 ሲቈፈር ግን የቤቱ መሠረት ተገኘ። ዋሽንግተን እንግዶቻቸውን የሚቀበሉበትን አዳራሽ በግማሽ ክብ እንዲወጣ አድርገው አሠርተውት ነበር፤ የዚያ ግማሽ ክብ መሠረት ድንጋዩ በቦታው ነበር። ከእርሱም ጥቂት እርምጃ ያህል ርቆ የወጥ ቤቱ ምድር ቤት ተገኘ፤ ከወጥ ቤቱም ወደ ዋናው ቤት የሚወስድ፣ ማንም ያልጠበቀው፣ ከመሬት በታች የተሠራ መተላለፊያ ወጣ። አሽከሮችና ባሮች በእንግዶቹ ፊት ሳይታዩ ምግብና ዕቃ የሚያመላልሱት በዚህ በኩል ነበር። ስለ አዳራሹ ፕሬዚዳንቱ ለጸሐፊአቸው የጻፉት ደብዳቤ አለ። ስለ መተላለፊያው ግን የነገረን ድንጋዩ ነው። ስለ ነጻነትና ስለ ሰው እኩልነት ብዙ የተነገረላቸው ሰው በቆሙበት አዳራሽና ነጻነት የሌላቸው ሰዎች በሚመላለሱበት ጨለማ መካከል የነበረው ርቀት እንግዲህ በሜትር ሊለካ ቻለ። ቍፋሮው በሚካሄድበት ጊዜ ሕዝቡ ከላይ ሆኖ የሚመለከትበት የዕንጨት መድረክ ተሠርቶ ነበርና ጥቁሩም ነጩም እየመጣ ያይ፣ ይከራከርም ነበር። መሠረቱም ከመስተዋት በታች እንዲታይ ተደርጎ ቦታው በዲሴምበር 2010 ለሕዝብ ተከፈተ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቦታ፣ ወደ ጄምስታውን ልመለስ። በሜይ 1607 ቨርጂንያ ኩባንያ የላካቸው 104 እንግሊዛውያን፣ ወንዶችና ልጆች፣ በጄምስ ወንዝ ዳር ሠፍረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሦስት ማእዘን ያለው የግንድ ቅጥር ሠሩ። መሬቱ የፓውሃታን ሕዝብ ነበር። ሚስተር ሃሪንግተን ከ1936 ጀምሮ በዚህ ደሴት ሲቈፍሩ በየጒድጓዱ የሚወጣው የነጭ ሸክላ ፒፓ ስብርባሪ ትዝብት ላይ ጣላቸው። ትንባሆ የሚጨስበት ይህ ፒፓ ርካሽ ስለ ነበረ ሲሰበር ይጣላል። እርሳቸውም የአንገቱን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ብረት እያስገቡ ሲለኩ፣ ዘመኑ እየቀረበ በመጣ ቍጥር ቀዳዳው እየጠበበ መሄዱን አገኙ። አንድ ኢንች በ64 ቢከፈል፣ ከ1620 በፊት በተሠሩት ላይ ቀዳዳው ዘጠኝ እጅ ያህል ነበር፤ ከ1750 በኋላ በተሠሩት ላይ አራት እጅ ያህል ሆነ። ይህንንም በ1954 አሳተሙት። ማንም የማያነሣው የፒፓ ስባሪ የቤቱን ዕድሜ የሚናገር ቀን መቍጠሪያ ሆነ።

ነገር ግን ብዙ ቢቈፈርም የ1607ቱ ምሽግ ሊገኝ አልቻለም። ወንዙ ዳርቻውን ሲበላ ስለ ኖረና የድንጋይ ግድብ የተሠራው ገና በ1901 ስለ ሆነ፣ ምሽጉ በውሃ ተወስዷል የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር እንደ እውነት ይነገር ነበር። ዶክተር ዊልያም ኬልሶ ግን በቀላል አስተሳሰብ ተነሡ። የዚያን ጊዜ ሰዎች በጽሑፋቸው ቤተ ክርስቲያኑ በምሽጉ መካከል ነበር ብለዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ የጡብ ግንብ ደግሞ ዛሬም በደረቅ መሬት ላይ ቆሟል፤ እንግዲህ መካከሉ በመሬት ላይ ካለ ምሽጉ በሙሉ እንዴት በወንዝ ውስጥ ሊሆን ይችላል? ብለው በ1994 መቈፈር ጀመሩ። በ1996 የቅጥሩ መስመር መገኘቱ ተነገረ። ወንዙ የወሰደው አንዱን ማእዘን ብቻ ነበር።

የበሰበሰ ግንድ ከ400 ዓመት በኋላ እንዴት ይገኛል? ግንድ ለማቆም ሲቈፈር የላይኛው ጥቁር ዐፈርና የታችኛው ቢጫ ሸክላ ይደባለቃል። ጒድጓዱ ተመልሶ የሚሞላው በዚህ በተደባለቀ ዐፈር ነው። ግንዱ በበሰበሰ ጊዜ በነበረበት ልክ ክብ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ቈፋሪው በትንሽ የግንበኛ ማንኪያ መሬቱን እየላጨ፣ ዐፈሩን በወንፊት እየነፋ፣ ቀለም ሲለወጥ ይቆማል። ይህ ሥራ ወርቅ ፍለጋ የሚመስላቸው አሉ። ቈፋሪው ግን ወርቅ ቢያገኝ እንኳ ከየትኛው ቀለም ውስጥ እንደ ወጣ ካላወቀ ምንም አልተማረም።

በምሽጉ ውስጥ ከተገኘው ሁሉ ሰውን ያስደነገጠው በ2012 የወጣው ነው። በ1609 ዓመት መጨረሻ በምሽጉ 300 ያህል ሰዎች ነበሩ። ስንቅ የጫነችው ዋና መርከብ በበርሙዳ ደሴት ተሰብራ ቀረች፤ የፓውሃታን ሰዎች ከበቡአቸው፤ የጥንት ዛፎች ቀለበት ሲቈጠር እንደ ታወቀውም በዚያ ዘመን ከባድ ድርቅ ነበር። በ1610 ጸደይ በሕይወት የተገኙት 60 ያህል ብቻ ናቸው። አለቃቸው የነበሩት ጆርጅ ፐርሲ ሰዎች የሞተ ሰው ሥጋ እስከ መብላት መድረሳቸውን ጽፈዋል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ነገር ተጠራጥረውት ነበር። ከአንድ ምድር ቤት ቆሻሻ ውስጥ፣ ከታረዱ ፈረሶችና ውሾች ዐጥንት ጋራ፣ የአንዲት ልጃገረድ የራስ ቅልና የእግር ዐጥንት ወጣ። ዶክተር ዳግላስ አውስሊ የተባሉት የዐጥንት ዐዋቂ መርምረው ዕድሜዋ 14 ዓመት ያህል መሆኑን፣ ከሞተችም በኋላ በስለት መቈረጧን አረጋገጡ። በግንባሯ ላይ ያሉት ምቶች ጥልቀት የሌላቸው ናቸው፤ የመታው ሰው እጁ እንደ ተንቀጠቀጠ ያስታውቃሉ። ስሟ ስለማይታወቅ ጄን የሚል ስም አወጡላት። ነገሩ በ2013 ለዓለም ሲገለጽ አንዳንድ ሰው ባይነገር ይሻል ነበር ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ለልጅቱ የሚሻለው መነገሩ ይመስለኛል፤ አራት መቶ ዓመት ያህል ከውሻ ዐጥንት ጋራ ተጥላ ነበረችና።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ስም ኖሮ ሌላ ነገር የጠፋበት። በኦገስት 1619 ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያን ተማርከው ወደ ቨርጂንያ መጡ። ትሬዠረር በምትባል መርከብ የመጣች አንጄላ የተባለች ሴት በ1625 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በካፕቴን ዊልያም ፒርስ ቤት ተመዝግባለች። ስለ እርሷ የተጻፈው ከጥቂት ቃላት አይበልጥም። ከ2017 ጀምሮ የካፕቴኑ ግቢ የነበረው ቦታ ተቈፈረ። ከዚያ የሚወጣውን ሸክላና ዐጥንት ይህ የአንጄላ ነው ብሎ ለመናገር አይቻልም፤ ቈፋሪዎቹም እንዲህ አላሉም። ነገር ግን የረገጠችው መሬት፣ በግቢው የሚበላው የከብት ዐይነት፣ ዕቃው የሚመጣበት አገር ታወቀ። ሦስት ቃል ለነበራት ሴት ይህ ትንሽ አይደለም።

ጄምስታውን ያለበት ደሴት በጣም ዝቅተኛ ነው። ወንዙ ከፍ እያለ፣ ዝናቡም እየበረታ ስለ ሄደ፣ በ2022 የአሜሪካ የታሪክ ቦታዎች ጥበቃ ማኅበር በአገሩ ውስጥ በአደጋ ላይ ከሚገኙት 11 ቦታዎች መካከል ቈጠረው። የ1901ዱ ግድብ ከፊት የሚመጣውን ሞገድ ይመልሳል፤ ከበስተኋላ ካለው ረግረግ የሚነሣውንና ከታች በዐፈሩ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣውን ውሃ ግን አያግደውም። ፎርት ኔሴሲቲ ላይ ግንዶቹን ያዳናቸው እርጥበት ነበር፤ እነርሱ ግን ዘወትር እንደ ረጠቡ የኖሩ ናቸው። አንድ ወር ረጥቦ አንድ ወር የሚደርቅ ዐጥንትና ብረት ይፈረፈራል። ስለዚህ በጄምስታውን ቈፋሪዎቹ ወደ ረግረጉ የቀረበውን መሬት አስቀድመው ለመክፈት ይጣደፋሉ።