ጠጉራም ክርና ስም አልባ እጆች፦ የኪሮሽ ሥራ እንደ ታሪክ ምንጭ



ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ማስረጃ ከቤተ መዛግብት የወጣ አይደለም። እናቴ ጀምራው ሳትጨርሰው ያረፈችው የአንገት ልብስ ነው። ክሩ ለስላሳና ጠጉራም ነው፤ ሳገኘው ኪሮሹ ከመጨረሻው ቀለበት ገና አልወጣም ነበር። ባለፈው ክረምት እኔው ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራውን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን የክሩ ጠጉር ቀለበቶቹን ሸፍኗቸው ኪሮሹን የት እንደማስገባ መለየት አቃተኝ። ጥቂት ረድፍ ሠርቼ ስሳሳት ልተረትረው ሞከርኩ፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እምቢ አለ። በመጨረሻ ዓይኔን ማመን ትቼ በጣቴ እየዳሰስኩ፣ በአፌ እየቆጠርኩ ቀጠልኩ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ የዚህ ሙያ ታሪክ ራሱ እንዲሁ የተሸፈነ አይደለምን? ልብሱ በእጃችን አለ፤ የሠሩት ሰዎች ግን የት አሉ?

ከቃሉ እንጀምር። ኪሮሽና ዳንቴል የምንላቸው ቃላት ሁለቱም ሥራቸው ፈረንሳይኛ ነው። የመጀመሪያው ትንሽ መንጠቆ፣ ሁለተኛው ትንሽ ጥርስ ማለት ነው። በየቤታችን በሬዲዮው ላይ፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ስሙ ከሩቅ መምጣቱን ይመሰክራል። ቃል ግን የመጣበትን አቅጣጫ እንጂ ማን የማንን እጅ ይዞ እንዳስተማረ አይናገርም።

የታተሙ ጽሑፎችን ብንመረምርም ችግሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ፔኔሎፔ የተባለ የኔዘርላንድ መጽሔት የኪሮሽ ንድፎችን አትሞ አውጥቷል። ስኮትላንዳዊቷ ኤልዛቤት ግራንት ደግሞ ስለ 1812 ዓመታት አካባቢ ኑሮ ባሰፈረችው ትዝታ፣ የእረኞች ሹራብ ስለሚባል፣ በመንጠቆ ስለሚሠራ ልብስ ታነሳለች። እንግዲህ ኅትመቱ ዘመን ሰጠን እንጂ ሙያውን አልፈጠረም። በብርዳማ ተራራ ላይ የበግ ጠጉር በመንጠቆ እየሳበ ልብስ የሚሠራ ሰው መጽሔቱን አልጠበቀም።

ኪሮሽ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነበትን ዘመን ለማየት ወደ አየርላንድ እንሻገር። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ተሰደደ። በዚያ መከራ መካከል በኮርክ መነኮሳት፣ በክሎንስ ደግሞ የአንድ ቄስ ባለቤት የሆነችው ካሳንድራ ሃንድ ለድሆች ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል ሥራ አስተማሩ፤ ገበያም ፈለጉላቸው። አንዷ ጽጌረዳ፣ ሌላዋ ቅጠል ትሠራለች፤ ከዚያ ይገጣጠማል። ሥራው ወደ ባለጸጎች አንገትና እጅጌ ይሄዳል፣ ዋጋው እህልና የቤት ኪራይ ይሆናል። ይህ የቀጭን ክር ሥራ እንጂ የብርድ ልብስ አልነበረም። ነገር ግን አንድ መንጠቆ ቤተሰብን ሊያኖር እንደሚችል ያሳያል። እዚህም ላይ የአስተማሪዋ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ የጽጌረዳዋና የቅጠሏ ሠሪዎች ስም በአብዛኛው የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ታሪክ አነጻጽሩ። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1900፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንት የአንገት ልብሶች በኪሮሽ ሠርተው ለወታደሮች እንዲሸለሙ ላኩ። አራቱ ለእንግሊዝ፣ አራቱ ለቅኝ ግዛት ወታደሮች ተሰጡ። በእነዚያ ልብሶች ላይ የንግሥቲቱ ስም ምሕጻር ተጠልፎባቸዋል፤ ዛሬም እንደ ቅርስ ይታያሉ። ጥበቡ ከሌሎች የተለየ ሆኖ ነውን? አይደለም። ልዩነቱ የሠሪዋ ዙፋን ነው።

አሁን ወደ ክሩ ልመለስ። ጠጉራም ክር የሚያሞቀው በመወፈሩ ብቻ አይደለም፤ በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚያቁር ነው። ሠሪዎች ወፈር ያለ ኪሮሽ የሚመርጡትም ቀለበቱ ላላ ብሎ ለዚያ አየር ቦታ እንዲተው ነው። ከእነዚህ ክሮች ዝነኛው ሞሄር የሚገኘው ከአንጎራ ፍየል ነው፤ አንጎራ የዛሬዋ አንካራ የቀድሞ ስም ነው። ፍየሉ እ.ኤ.አ. በ1838 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተወስዶ በዚያ ረባ። የፍየሉ ጉዞ ዓመተ ምሕረት አለው፤ ክሩን የፈተሉት ሴቶች ግን ዓመትም ስምም የላቸውም።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ነቀፌታ አያመልጥም። በመንዝ ብርድ ከበግ ጠጉር የሚሠሩትን ባናና በርኖስ እናደንቃለን፤ ሸማኔውንም እናነሳለን። እንዝርት ይዛ ክሩን የፈተለችውን ሴት ግን የሚያነሳት ጥቂት ነው። ፈትል ከሌለ ሽመና የለም።

ተማሪዎቼ፣ ይህ ያለፈ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የሹራብ መሥሪያ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ በእጅ የሚሠራ ሙያ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣው እርሱን የሚመስል ሌላ አሠራር ነው። እንግዲህ በገበያ በርካሽ የምታገኙት እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ሁሉ የአንድ ሰው ብዙ ሰዓት አለበት። ዋጋው ርካሽ የሆነው ያ ሰዓት ስላልተቆጠረ ነው። በታሪክ መጽሐፍ ያልተቆጠረ ድካም በገበያም አይቆጠርም።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ ወይም ከአያታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ማን እንዳስተማራቸው፣ ክሩን ከየት እንዳገኙ፣ ሸጠውም እንደሆነ በስንት እንደሸጡ ጠይቁ። ስሙንም ቀኑንም ጻፉ። እኔ ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ እናቴ አለፈችብኝ።

የአንገት ልብሱን ጨርሼዋለሁ። የእርሷ እጅ ካበቃበት የእኔ እስከሚጀምርበት ድረስ ያለውን በጣት ብትዳስሱት ስፋቱ ጠበብ ይላል፤ አንድ ቀለበት ስቼ ነበር። ልተረትረው ብችልም እንኳ አላስተካክለውም ነበር። ንግግሬን ስጨርስ ወደ ፊት ቀርባችሁ ዳስሱት።