የአበባዋ ድምፅ

ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ምናልባት ስለዚህ ይሆናል የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት የአበባ ምርጫ ከልቤ የማይጠፋው።

ዋሽንግተን ገና የኅብረቱ ሙሉ አባል ሳትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ሴቶቿ የመምረጥ መብት አግኝተው ነበር። የበላይ ፍርድ ቤቷ ግን በ1887 ሻረው፤ ሕጉ እንደገና ቢወጣም በ1888 ዳግመኛ ሻረው። በ1889 ወደ ኅብረቱ ስትገባም መብቱ አልተመለሰም።

በ1892 እነዚሁ ሴቶች ለ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት የግዛታቸውን አበባ ሊመርጡ ተነሡ። የድምፅ መስጫ ጣቢያዎች ተዘጋጁላቸው። ስድስት አበቦች ቀረቡ፤ ፉክክሩ በመጨረሻ በሜዳው ማገጥና በጫካው ሮዶደንድሮን መካከል ሆነ። ወረቀቱ ሲቆጠር ሮዶደንድሮን አሸነፈ።

ሕግ አውጪ እንዳይመርጡ የተከለከሉ እጆች አበባ መረጡ! ይህን ባሰብሁ ቁጥር ፈገግታና ቁጭት ይቀላቀሉብኛል። መብታቸው የተመለሰው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1910 ነው።

ሮዶደንድሮን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ በ1959 የግዛቲቱ ምክር ቤት በሕግ አጸናው። የሴቶቹን የፖለቲካ ድምፅ ዳኞች ሁለት ጊዜ ሻሩት። ለአበባ የሰጡትን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ የሻረው የለም።