ሙቀት ተሸካሚው መሣሪያ፦ ታሪኩ፣ ዋጋውና ቁጠባው

እዚህ እስራኤል አገር የብርዱ ወራት ካለፈ በኋላ የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ብዙ አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን ያስደነግጣል። አንዱ ቤት ብዙ ከፍሎም ሳይሞቀው ይከርማል፤ ጎረቤቱ ግን በትንሽ ክፍያ ሞቆት ያሳልፋል። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መዝጋን ስለሆነ፣ በዚህ እትም የመሣሪያውን ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

ብዙዎቻችን መዝጋን ለሐሩር ጊዜ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ዳሩ ግን ዛሬ በየቤቱ ያለው አብዛኛው መዝጋን በብርድ ጊዜ ሥራውን ገልብጦ ከውጭ ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። ውጭው ራሱ ቀዝቃዛ አይደለም ወይ? ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን በረዶ በሚጥልበት ቀን እንኳ በአየሩ ውስጥ ሙቀት አለ። በመሣሪያው ቧንቧ የሚዞረው ጋዝ ሲለቀቅ ከውጭው አየር ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ያንን ሙቀት ይስባል፤ ሲታመቅ ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው እንደሚግል ያውቃል። የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀውም ከምግቡ የወጣው ሙቀት በዚያ በኩል ስለሚጣል ነው።

እናቶቻችን ከወንዝ ውሃ በእንስራ ሲቀዱ ውሃውን አልሠሩትም፤ ድካማቸው የመሸከሙ ነበር። የዚህም መሣሪያ ነገር እንዲሁ ነው፤ የምንከፍለው የሸክሙን ዋጋ ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ 1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት በልቶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሙቀት ተሸካሚው በዚያው መብራት 3 ያህል ወደ ቤት ያስገባል።

ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ ያቀረበው በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1852 ባወጣው ጽሑፍ፣ ነዳጅን በቀጥታ አንድዶ ቤት ከማሞቅ ይልቅ በዚያው ነዳጅ ማሽን አንቀሳቅሶ ሙቀትን መሸከም እንደሚያዋጣ አስረዳ። ሐሳቡ ግን ለረጅም ጊዜ ወረቀት ላይ ቀረ። በዚያው በ1850ዎቹ ዓመታት በኦስትሪያ ፔተር ፎን ሪቲንገር የሚባል መሐንዲስ በኤበንዜ ከተማ ጨው በሚፈላበት ቦታ፣ ከድስት ክዳን ሥር እንደሚያመልጠው ያለ እንፋሎት አምቆ መልሶ ለማፍያ የሚጠቀም መሣሪያ ሞከረ። ዓላማው የማገዶ እንጨት መቆጠብ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የዙሪክ ታሪክ ነው። ስዊዘርላንድ የድንጋይ ከሰልዋን ከውጭ አገር ታስገባለች፤ ከተራራ ከሚወርደው ውሃ ግን የራሷን ኤሌክትሪክ ታገኛለች። ስለዚህ በ1938 የዙሪክ ማዘጋጃ ቤት በሊማት ወንዝ ዳር ያለውን ሕንፃውን ከዚያው ወንዝ በሚስብ ሙቀት ማሞቅ ጀመረ። የክረምት ወንዝ ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ ሆኖም ሕንፃውን አሞቀው። መሣሪያው እስከ 2001 ድረስ፣ ማለትም 63 ዓመት ቆይቷል። ውድ ዕቃ በስንት ዓመት ይካፈላል ተብሎ ሲጠየቅ ይህ ትልቅ መልስ ነው።

በእንግሊዝም ጆን ሰምነር በ1945 በኖርዊች ከተማ ከወንዝ ሙቀት የሚስብ መሣሪያ ሠራ። የጦርነት ጊዜ ስለነበር ከአሮጌ ዕቃዎች ነው የገጣጠመው። በበላው ኤሌክትሪክ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ቢሰጥም አገሪቱ የከሰል አገር ነበረችና የተከተለው ጥቂት ነው። ማገዶ በርካሽ በሚገኝበት ቦታ ቆጣቢ መሣሪያ ገበያ የለውም። በ1973 ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ ያህል ሲያሻቅብ ግን እንደ ስዊድን ያሉ አገሮች ወደዚሁ መሣሪያ ዞሩ። የዱድ ሼሜሽም ታሪክ ይመሳሰላል። መሐንዲሱ ሌዊ ይሳር በ1953 ለሽያጭ ማዘጋጀት ጀመረ፤ በሰፊው የተስፋፋው ግን ከዚያ የነዳጅ ችግር በኋላ ነው፤ በ1980 ለአዲስ መኖሪያ ቤቶች በሕግ ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ኪሳችን እንምጣ። በ2025 መግቢያ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ60 አጎሮት በላይ ነበር፤ ለስሌት እንዲመች 60 እንበል። ባለ 2,000 ዋት ምድጃ በቀን 5 ሰዓት፣ ለ90 ቀን ቢሠራ 900 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህ 540 ሸቀል ነው። ያንኑ ሙቀት መዝጋን በ180 ሸቀል ያህል ይሰጣል፤ ትርፉ 360 ሸቀል ነው። መዝጋኑ ከነተከላው ለምሳሌ 3,600 ሸቀል ቢያስወጣ፣ በሙቀቱ ብቻ ወጪውን ለመመለስ 10 ዓመት ይፈጃል። ይህ ረጅም ነው፤ ሻጭ «ባንድ ዓመት ይመልሳል» ቢል አንመን። ሁለት ምድጃ የሚተካ ከሆነ ግን 5 ዓመት ይበቃዋል፤ የሐሩሩ ጊዜ ጥቅምም አለ። ቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ተተክሎ ላገኘው ደግሞ አዲስ ወጪ የለበትም፤ በመቆጣጠሪያው ላይ የፀሐይ ምልክቷን መርጦ 20 ወይም 21 ዲግሪ ላይ ማድረግና ማጣሪያውን አልፎ አልፎ ማጠብ ነው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናሳስባለን። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ይገድላል። ጎጆ ቤታችን ጭሱን በሣሩ በኩል ያወጣ ነበር፤ የሲሚንቶ ቤት መስኮቱ ሲዘጋ ግን ሽታ የሌለውን መርዝ ይዞ ያስቀራል፤ የተኙት ሳያውቁት ያልቃሉ። ልጆችና ሽማግሌዎች ባሉበት ቤት የመዝጋኑ 180 ሸቀል በዚህም ዓይን ይታይ።

በኪራይ ቤት ያሉ ቤተሰቦች ከመግዛታቸው በፊት ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩ። መዝጋን ግድግዳ ተበስቶ የሚተከል ስለሆነ ሲለቁ ማንሳቱና እንደገና መትከሉ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ስለዚህ ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱን ሲለቁም ዕቃው የማን እንደሚሆን አስቀድመው በውሉ ላይ ያስጽፉ።