በኃያላን መካከል፦ የሊዬዥ መሳፍንት ጳጳሳት ግዛት ታሪክ

በሞዝ ወንዝ ዳር የተቈረቈረችው ሊዬዥ ዛሬ በቤልጂግ መንግሥት ውስጥ ካሉት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ቤልጂግ የሚባል መንግሥት ከመመሥረቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ሊዬዥ ጳጳሳት እንደ መሳፍንት ሲገዙት የኖረ ግዛት መናገሻ ነበረች። ስምንት መቶ ዓመት ያህል የቆየው የዚህ ግዛት ታሪክ ለሕግ ሰው በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። አንድ ትንሽ አገር ጦሩ ሳይበቃው በጽሑፍና በመሐላ ራሱን ለመጠበቅ ያደረገውን ሙከራ፣ ሙከራውም የት ድረስ እንደ ዘለቀ የምናይበት ታሪክ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ጉልት መያዟ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ጳጳስ ራሱ ሠራዊት የሚያዝ፣ ገንዘብ የሚያስመታ፣ ዳኛ የሚሾም የአገር ገዥ መሆኑ ግን ማብራሪያ ይሻል። የጀርመን ንጉሠ ነገሥታት አገር ሰጥተው የሾሟቸው መኳንንት ሹመቱን ለልጅ ልጅ እያስተላለፉ የግል ርስታቸው ሲያደርጉት አስቸገሯቸው። ጳጳስ ግን ሕጋዊ ወራሽ የለውም፤ ሲሞት ቦታው ክፍት ይሆናል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሚተካው ሰው ላይ እጁን ማስገባት ይችላል። ስለዚህ ከ972 እስከ 1008 በሊዬዥ መንበር ለተቀመጠው ለኖትገር ኦቶ 2ኛ በ980 የቤተ ክርስቲያኑን ርስት ከዓለማውያን ሹሞች ሥልጣን ነጻ መሆኑን አጸናለት፤ በ985ም የዊ ከተማ አውራጃ ተጨመረለት። የመስፍን ጳጳሱ ግዛት ጅማሬ ይህ ነው።

ግዛቱ በካርታ ላይ ሲታይ የተቀዳደደ ጨርቅ ይመስላል። በደቡብ ዲናንን፣ በሰሜን ሐሰልትንና ቶንገረንን እየያዘ፣ እዚህ ሲሰፋ እዚያ ሲጠብ፣ በሌሎች መሳፍንት አገር መካከል ተበታትኖ ይገኝ ነበር። ከሕዝቡ ከፊሉ የፈረንሳይኛ ዘር የሆነ ቋንቋ፣ ከፊሉ ደግሞ የደች ቋንቋ ይናገራል። የማስትሪኽት ከተማማ በሁለት ጌቶች፣ ይኸውም በሊዬዥ ጳጳስና በብራባንት መስፍን፣ በጋራ ትገዛ ነበር። እንዲህ ያለ አገር በጦር ኃይል ተከላክሎ ለመኖር የሚበቃ አይደለም። የብራባንት መስፍን ሄንሪ 1ኛ በ1212 ሊዬዥን ዘርፎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት 13 ቀን በስቴፕ ሜዳ በጳጳሱና በከተሞቹ ጦር ድል ሆኗል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ድል ሁልጊዜ የሚገኝ አልነበረም።

ሕዝቡ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ከገዛ ጳጳሱ ጋር ያደረገው ትግል ነው ዘላቂ ፍሬ ያፈራው። በ1066 ጳጳስ ቴዎድዊን ለዊ ከተማ ሰዎች የነጻነት ጽሑፍ ሰጠ፤ በአውሮፓ እጅግ ቀደምት ከሆኑት የከተማ ነጻነት ጽሑፎች አንዱ ነው። ነጻነቱም በነጻ አልተገኘም፤ ከተሜዎቹ ከሚንቀሳቀስ ሀብታቸው ከፍለው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በመስጠት ነው የገዙት። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ጳጳስ አልበርት ደ ኩዊክ ለሊዬዥ ከተሜዎች የሰጠው ጽሑፍ ሹም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሰው ቤት እንዳይገባ ከልክሏል። «ድሃ በቤቱ ንጉሥ ነው» የሚለው የሊዬዥ ሰዎች አባባል የዚህ መብት ማስታወሻ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ደም የተገኘ እንዳይመስለን። በ1312 ባላባቶቹ በሌሊት ከተማዋን ለመያዝ ሞክረው ሲሸነፉ ወደ ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ገብተው ነበር፤ ሕዝቡም እሳት ለቀቀባቸውና ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ። ከዚህ እልቂት አራት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 1316 የፌሽ ሰላም የተባለው ስምምነት ተፈረመ። በዚህም ጳጳሱ ማንም ሰው ከሕግና ከፍርድ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይቀጣ ቃል ገባ። የአገሩ ሕግ ሊለወጥ የሚችለው ጳጳሱ፣ የካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ፣ መኳንንቱና ከተሞቹ በአንድነት ሲስማሙ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ።

ቃል መግባት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ያፈረሰውን ሹም ማን ይጠይቀዋል? የሊዬዥ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ አገሮች ብዙዎቹ ያላሰቡት ነው። በ1343 የጳጳሱን ሹማምንት የሚከስስና የሚቀጣ ሃያ ሁለት አባላት ያሉት ችሎት ተቋቋመ። ጳጳስ አዶልፍ ደ ላ ማርክ ብዙም ሳይቆይ አፈረሰው፤ በ1373 ግን እንደገና ጸና። አራቱን ዳኞች የካህናቱ ጉባኤ፣ አራቱን መኳንንቱ፣ አሥራ አራቱን ከተሞቹ ይመርጧቸው ነበር። ቁጥሩን ልብ ይሏል፤ ካህናቱና መኳንንቱ ቢተባበሩም ስምንት ናቸው። ሹም ከሕግ ውጭ ያሰረው ወይም ንብረቱን የወሰደበት ሰው ሁሉ፣ ከተሜም ሆነ ገበሬ፣ ለዚህ ችሎት አቤት ማለት ይችል ነበር። ችሎቱ እስከ ግዛቱ ፍጻሜ ድረስ ኖሯል። ሁልጊዜ ቀና ፍርድ ሰጥቷል ለማለት አልደፍርም፤ መኖሩ ራሱ ግን ሹሙን ያስፈራው ነበር።

ከውጭ የመጣውን ኃይል ግን ችሎት አይገታውም። የቡርጎኝ መሳፍንት በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ያሉትን አገሮች አንድ በአንድ ሲጠቀልሉ ሊዬዥ መንገዳቸው ላይ ቆማ ተገኘች። በ1408 በኦቴ ጦርነት የራስዋ ጳጳስ ተመራጭ ዮሐንስ ዘባቫሪያ ከቡርጎኙ መስፍን ጋር ሆኖ የገዛ ሕዝቡን ወጋ፤ «ርኅራኄ የለሹ» የሚል ቅጽል የተረፈውም ከዚያ የተነሣ ነው። በ1456 ደግሞ የቡርጎኙ መስፍን ፊልጶስ የእኅቱን ልጅ ሉዊ ደ ቡርቦንን በጳጳስነት አስቀመጠ። መንበሩን የሚሞላው ሰው የማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ የአገሪቱ ዕጣ ፈንታ ሆነ።

ሕዝቡ በጳጳሱ ላይ ሲነሣ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ በስውር አይዟችሁ ይል ነበር። ርዳታው ግን ከቃል አላለፈም። በ1466 ዲናን ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። በ1467 የሊዬዥ ጦር በብሩስተም ድል ሆነ፤ ልዑል ሻርል የከተማዋን ቅጥር አስፈርሶ፣ የነጻነቷ ምልክት የነበረውን ፔሮን የተባለ ሐውልት ነቅሎ ወደ ብሩዥ ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ሉዊ 11ኛ ለድርድር በራሱ ፈቃድ ወደ ፔሮን ከተማ (ስሟ ከሐውልቱ ስም ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ናት) በሄደበት ጊዜ፣ ሊዬዥ እንደገና መነሣቷና የንጉሡ መልእክተኞች በነገሩ መኖራቸው ተሰማ። ሻርል ንጉሡን በእጁ ስለ ያዘው፣ ሲያደፋፍራት የኖረችውን ከተማ ሲቀጣት ቆሞ እንዲያይ አስገደደው። ከጥቅምት 29 ቀን 1468 ለ30 አጥቢያ ስድስት መቶ ያህል እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው የፍራንሺሞን ሰዎች በጨለማ ወጥተው በሁለቱ ገዥዎች ማደሪያ ላይ አደጋ ጣሉ። አልተሳካላቸውም፤ አብዛኞቹ እዚያው ወደቁ። በማግሥቱ ቅጥር የሌላት ከተማ ተያዘች፤ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከካህናት ቤቶች በቀር ለሳምንታት በእሳት ስትነድ ቆየች። በስፍራው የነበረው ፊሊፕ ደ ኮሚን ይህን በመጽሐፉ ዘግቦታል። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ጳጳሱን ወደ መንበሩ ለመመለስ ተብሎ ነው፤ መንበሩ ግን በዐመድ መካከል ቀረ።

ሻርል በ1477 በናንሲ ሲሞት ወራሹ ማርያም በሊዬዥ ላይ የነበራትን መብት ተወች፤ ፔሮኑም በ1478 ተመለሰ። በ1492 አገሪቱ ገለልተኛነቷን አወጀች፤ ፈረንሳይና ማክሲሚሊያን ተቀበሉት። በእኔ አስተያየት ገለልተኛነቱ ሊዬዥ በራሷ የያዘችው መብት ሳይሆን ጎረቤቶቿ ለጊዜው የሰጧት ፈቃድ ነበር። የተፋላሚዎቹ ሠራዊት እየከፈለ እንዲያልፍ መፍቀድ ነበረባት፤ ሳይከፍል የሚያልፈውም ብዙ ነበር። በሌላ በኩል ለሁሉም ወገን ለመሸጥ አስቻላት፤ የጦር መሣሪያ ሥራዋ በዚህ በለጸገ። ከዣን ኩርቲዩስ ባሩድ የስፔይን ሠራዊት ይገዛ ነበር። በአገራችን «በልጅግ» ተብሎ የሚታወቀው ጠመንጃ በስሙ የሚያስታውሰው ከዚያ የቆየ ሙያ የወረሰውን አገር ነው።

ከ1581 እስከ 1688 ያለ ማቋረጥ የባቫሪያ መሳፍንት ቤተሰብ አባላት በመንበሩ ተፈራረቁ፤ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳሳትም ስለ ነበሩ ሊዬዥን የሚያዩአት ከሩቅ ነበር። ከተማዋም ለፈረንሳይ በሚያደላና ለጳጳሱ በሚያደላ ወገን ተከፈለች። ሚያዝያ 16 ቀን 1637 የሕዝቡ ወገን ከንቲባ ሴባስትያን ላ ሩዌል በዋርፉዜ ቆንት ቤት ለግብዣ ተጠርቶ በዚያው ተገደለ፤ ገዳዩን ቆንት ሕዝቡ በዚያው ቀን ገደለው። በ1684 ጳጳስ ማክሲሚሊያን ሄንሪ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ከንቲባ የመምረጥ መብታቸውን የሚያጠፋ ደንብ አወጣ። በ1691 ደግሞ የፈረንሳይ መድፎች ከተማዋን ደበደቧት።

በነሐሴ 18 ቀን 1789 የተነሣው አብዮት ከመጀመሪያ ጥያቄዎቹ አንዱ ያ የ1684 ደንብ እንዲሻር ነው። ጳጳስ ሆንስብሩክ ሸሸ። በቬትስላር ያለው የንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ቤት የቀድሞው ሥርዓት እንዲመለስ ወሰነ፤ ውሳኔውን እንዲያስፈጽም የታዘዘው የፕሩሲያ ጦር ግን ከአብዮተኞቹ ጋር ለመስማማት ፈለገና ጥሎ ወጣ፤ በጥር 1791 ያስፈጸመው የኦስትሪያ ጦር ነው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይና ኦስትሪያ ተፈራረቁባት። በ1794 የቅዱስ ላምበርት ካቴድራል መፍረስ ጀመረ፤ አፍራሾቹ የከተማው ሰዎች ነበሩ። ጥቅምት 1 ቀን 1795 ግዛቱ በፈረንሳይ ተጠቃለለ። የመጨረሻው መስፍን ጳጳስ ፍራንስዋ አንትዋን ደ ሜያን በኋላ የሜኽለን ሊቀ ጳጳስ ሆኖ አርፏል።

ካቴድራሉ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሰፊ አደባባይ ነው። ከአጠገቡ ኤራር ደ ላ ማርክ ከ1526 ጀምሮ ያሠራው የጳጳሳት ቤተ መንግሥት አሁንም ቆሟል፤ የአውራጃው አስተዳደርና ፍርድ ቤት ተቀምጠውበታል።