ገመድ አልባ የቤት ስልክ

ገመድ አልባ የቤት ስልክ (በተለምዶ ኮርድለስ) ከመደበኛው የስልክ መስመር ጋር የሚያያዝ፣ መነጋገሪያው ግን ከመቀመጫው ጋር በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኝ የስልክ ዓይነት ነው። ቁጥሩ አይለወጥም፤ ለምሳሌ በሐዋሳ ከተማ እንደ ማንኛውም መደበኛ ስልክ በ046 ይጀምራል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ያሰራጨው የሲዲኤምኤ ስልክም «ገመድ አልባ» ይባል ነበር፤ እሱ ግን በቀጥታ ከማማ ጋር ስለሚገናኝ ከዚህ ይለያል።

ዋና ጥቅሙ ከክፍል ወደ ክፍል ወይም ወደ ግቢ እየተዘዋወሩ መነጋገር ማስቻሉ ነው። ዴክት በሚባለው ስልት የሚሠራ ስልክ ቤት ውስጥ እስከ 50 ሜትር፣ ገላጣ ቦታ ላይ እስከ 300 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ወፍራም ግድግዳና ቆርቆሮ ይቀንሱታል። ባለቤቱ ዓሣ ሊገዛ ሐይቁ ዳር ወደ አሞራ ገደል ሲወርድ ግን አይከተለውም፤ ያ የሞባይል ሥራ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። ባለገመዱ ስልክ ኃይል የሚያገኘው በመዳብ ሽቦው በኩል ከቴሌ ስለሆነ (አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት) መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የገመድ አልባው መቀመጫ ግን መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው ያለ ሶኬት አይሠራም፤ መብራት ሲጠፋ የመነጋገሪያው ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መደወል አይቻልም። ሌሊት ሰው ቢታመም ወይም እሳት ቢነሳ ይህ ከባድ ነው። አንድ ርካሽ ባለገመድ ስልክ በዚያው መስመር ላይ ማቆየት ችግሩን ይፈታል።

በአሮጌዎቹ አናሎግ ስልኮች የሚደረገውን ንግግር ጎረቤት በሬዲዮ መቀበያ ሊሰማው ይችል ነበር። የመነጋገሪያው ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ በተራ የባትሪ ድንጋይ ሊተካ ግን አይገባም፣ ቻርጅ ሲደረግ ሊፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላልና።