ለቅሶ ደራሾቹ



ጊዜው ነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ቦታው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ። ዶፉ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። የማረቆና የሃላባ ዛላ በጆንያ ተቆልሎ የእንቁጣጣሽ ገበያተኛን ይጠብቃል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሸብ አድርገው ይቀነጥሳሉ፤ አላፊ አግዳሚው ያነጥሳል።

አንድ ተሸካሚ ልጅ ጭነቱን አውርዶ ስልኩን ከፈተ። ቲክቶክ ነው። የሰዎች ፎቶ ከነስማቸው ይወጣል። «እነዚህ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ናቸው፤ ግረፏቸው፣ ውጓቸው» ይላል ተናጋሪው። ሰሞኑን የከተማው ሰላምና ጸጥታ ቢሮም በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች አሰሳ መጀመሩን አስታውቆ ነበርና ወሬው በየበረንዳው ይናፈሳል።

«አንተ ልጅ፣ አጥፋልኝ!» አሉ አንዲት እናት፣ ከዛላው ቀና ሳይሉ።

«ሕግ የከለከለው ነው እኮ፣ እትዬ!»

«ሕግ ከከለከለው ዳኛ አለው። አንተን ማን ጅራፍ አስያዘህ?»

እውነታቸውን ነው። የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ አንቀጽ 629 በእስራት ይቀጣል። እኔ አንቀጹ ራሱ ባይኖር እወዳለሁ፤ ሁለት አዋቂዎች ወደውና ተስማምተው በጓዳቸው ስለሚሆኑት ነገር ወህኒ ቤት አያገባውም። ለአንቀጹ የሚሟገት ሰው ግን እዚያ ውስጥ ጅራፍና ጩቤ ፈልጎ አያገኝም። መንግሥትም ቢሆን አንድ ጊዜ ልጓም ይዞ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን በመቃወም አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ የታሰበው ሰልፍ ቀረ። በዚህ አንቀጽ የተፈረደበት ሰው ምሕረት እንዳያገኝ የሚከለክለው ረቂቅም ተጣለ። ያኔ ሚኒስትር የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ነገሩ የሚባለውን ያህል አሳሳቢ አለመሆኑን ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ያው ቅስቀሳ በስልክ በኩል በየኪሳችን ገባ። ራሳቸውን «ዜጋ» ብለው የሚጠሩት የአገራችን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ተሸሸጉ፤ ከውጭ አገር ሆኖ ስለእነሱ የሚሟገተው ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ቪዲዮዎቹ ደም ያፈሳሉ ብሎ ጮኸ።

ስም ከነፎቶ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዩጋንዳ ውስጥ ዴቪድ ካቶ የሚባል ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ አስተማሪ ነበር። በመስከረም 2003 ዓ.ም. ሮሊንግ ስቶን የተባለ የካምፓላ ጋዜጣ የእሱንና የብጤዎቹን ፎቶ አትሞ «ስቀሏቸው» አለ። ካቶ አልሸሸም፤ ከጓደኞቹ ጋር ጋዜጣውን ከሶ ታኅሣሥ 25 ቀን ረታ። ወሩ ሳይሞላ፣ ጥር 18፣ ቤቱ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ሞተ። ፖሊስ ግድያው ከጋዜጣው ጋር አይገናኝም አለ፤ ገዳዩ 30 ዓመት ተፈረደበት።

ወጉ ያለው ግን ቀብሩ ላይ ነው። ዘመድ አዝማድ፣ የመንደሩ ሰው፣ እናቱም ባሉበት ቄሱ ማይክ ጨብጠው ሟቹን እንደማሰናበት ብጤዎቹን መኮነን ጀመሩ። አንዷ ጓደኛው ዘላ ማይኩን ነጠቀች፤ ግርግር ሆነ። የመንደሩ ሰው «አንቀብርም» አለ።

እስቲ አስቡት፣ የመርካቶ ሰዎች! የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ የኛ ሰው ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ናቸውና ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ይቆማል። ድንኳን ሲተከል፣ ንፍሮ ሲቀቀል «ሟቹ በጓዳው እንዴት ኖረ?» ብሎ የሚጠይቅ ለቅሶ ደራሽ አይቼ አላውቅም። ያ ጥያቄ የፈጣሪ ነው፤ የኛ ፋንታ አፈር ማልበስና ቤተሰቡን ማጽናናት ነው።

በኒው ዮርክና በለንደን ሰዎች ለካቶ ሻማ ይዘው ቆሙ። ለእሱ ብቻም አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ካይሮ ውስጥ፣ ዓባይ ላይ ከሚንሳፈፍ ጭፈራ ቤትና ከሌላ ስፍራ ተይዘው ፍርድ ቤት ለቀረቡት 52 ወንዶች፣ በ2009 ዓ.ም. ቼቺኒያ ውስጥ እየታፈኑ ለተሰቃዩትም በየአገሩ አደባባይ የወጡ አሉ። አብዛኞቹ የታሳሪውን ፊት አይተው አያውቁም። እኔ ይህን ለቅሶ መድረስ እለዋለሁ፤ ቋሚ ላጣ ሰው መቆም።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ ስማ፣ ወንድሜ። የመንደሩ ሰው እምቢ ሲል ሬሳውን ተሸክመው ጉድጓድ ያወረዱት ዩጋንዳውያን ጓደኞቹ ናቸው። መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው የሸኙትም ክሪስቶፈር ሴንዮንጆ፣ እነዚህን ልጆች በማቅረባቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ያገለለቻቸው የሰማንያ ዓመት አፋፍ ላይ የነበሩ ዩጋንዳዊ ጳጳስ ናቸው። የኒው ዮርኩ ሻማ የበራው ከእነሱ በኋላ ነው።