ጓዳውን የከፈተው አጭር ፊልም

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2006 አምስተርዳም ውስጥ አሥራ አንድ ደቂቃ የማይሞላ አንድ አኒሜሽን ፊልም ተመረቀ። ስሙ «ኤሌፋንትስ ድሪም» ይባላል። ሜይ 18 ቀን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ፤ የተለቀቀው ግን ፊልሙ ብቻ አልነበረም። ገጸ ባሕርያቱ የተቀረጹባቸው ሞዴሎች፣ የቆዳቸውና የልብሳቸው መልክ የተሣለባቸው ምስሎች፣ የየትዕይንቱ መብራትና ካሜራ የተቀመጠባቸው ፋይሎች አብረው ወጡ። የፈለገ ሰው አውርዶ ሊከፍታቸው፣ ቆርጦና ቀጥሎ የራሱን ፊልም ሊሠራባቸው፣ ካሻውም ሊሸጣቸው ተፈቀደለት። በምላሹ የተጠየቀው የሠሪዎቹን ስም እንዲጠቅስ ብቻ ነው።

ፊልም ሠሪ እንግዳ የሚቀበለው ሳሎን ነው፤ ጓዳውን ለማንም አያሳይም። ስቱዲዮዎች ያለቀለትን ሥራ ለተመልካች አቅርበው የተሠራበትን ሁሉ ይቆልፉበታል። ስለ አጭር ፊልምና ስለ ኢንተርኔት ሲወራ ሁሌም የሚነሣው ዩቲዩብ ነው፤ በ2005 ተከፍቶ በቀጣዩ ዓመት በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ለጉግል መሸጡ። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። እኔ ግን በዚያው ሰሞን አምስተርዳም ውስጥ የተደረገው ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ለተመልካቹ የደረሰው የሚያየው ነገር ብቻ ሳይሆን የሚሠራበት ነገር ጭምር ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ቶን ሮዘንዳል የተባለው ሆላንዳዊ «ኒዮጂኦ» ከሚባል የአኒሜሽን ድርጅት መሥራቾች አንዱ ነበር። ለድርጅቱ ሥራ እንዲያገለግል በ1994 መጻፍ የጀመረው ሶፍትዌር ብሌንደር ተባለ። በ1998 ሶፍትዌሩን የሚያሳድግ ሌላ ኩባንያ አቋቋመ፤ ባለሀብቶች ሚሊዮኖች አፈሰሱበት፤ ሠራተኛውም እስከ ሃምሳ ደረሰ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያ ሲወድቅ ግን ሽያጩ እንደታሰበው አልሆነም። በ2002 መጀመሪያ ላይ ባለሀብቶቹ ኩባንያውን ዘጉት። ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ሶርስ ኮድ በእነሱ እጅ ቀረ፤ ብሌንደርን የሚጠቀሙት ሰዎችም መሣሪያቸው ባለበት ቆሞ እንዳይቀር ሰጉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሐዘኑን ተቀምጦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄድ ነበር። ሮዘንዳል ፋውንዴሽን አቋቋመና ባለሀብቶቹ ዘንድ ተመልሶ ገባ። 100,000 ዩሮ ከተከፈላቸው ኮዱ ለሕዝብ እንዲለቀቅ ተስማሙ። መዋጮው ጁላይ 18 ቀን 2002 ተጀመረ። ኪክስታርተር የሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ሊከፈት ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ለማያውቁት ሰው ገንዘብ መላክ ገና አልተለመደም። ሆኖም ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ሞላ። ኦክቶበር 13 ቀን ብሌንደር ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው በሚፈቅደው የጂኤንዩ ፈቃድ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ማያ የተባለው የትልልቅ ስቱዲዮዎች ሶፍትዌር የላይኛው እትም ዋጋ ከ16,000 ዶላር ወደ 7,000 ገደማ መውረዱ ትልቅ ወሬ ነበር። አንዱ በነፃ፣ ሌላው ተቀንሶም በሰባት ሺህ ዶላር።

ነፃ መሆኑ ብቻ ግን አልበቃም። ብሌንደርን የሚያሻሽሉት ፕሮግራመሮች ፊልም ሠሪዎች አልነበሩም፤ በዚህ መሣሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥሩ ፊልም ሊወጣ እንደሚችል በሥራ የታየ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ሮዘንዳል ያመጣው መላ ቀላል ነበር። አርቲስቶችን አንድ ቦታ ሰብስቦ ፊልም ማሠራት፣ በመንገዳቸው የሚያደናቅፋቸውን ሁሉ ደግሞ ፕሮግራመሮቹ እየተከታተሉ ማስተካከል።

በ2005 ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከፊንላንድና ከአውስትራሊያ የመጡ ስድስት ወጣቶች አምስተርዳም ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩ ባሳም ኩርዳሊ፣ የሥነ ጥበብ ኃላፊው አንድሪያስ ጎራልቺክ ነበሩ፤ ሙዚቃውን ያን ሞርገንሽተርን ሠራ። ገንዘቡ ከአንድ የሆላንድ የሚዲያ ጥበብ ተቋምና ከሕዝብ መጣ። ገና አንድ ትዕይንት ሳይሠራ ዲቪዲው ለሽያጭ ቀረበ፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2005 በፊት የከፈለ ሰው ስሙ በፊልሙ መጨረሻ እንደሚሰፍር ቃል ተገባለት። ሰዎች ያላዩትን፣ እንዲያውም ገና ያልተጻፈ ፊልም ገዙ።

ሥራው የዋዛ አልነበረም። ምስሉን ወደ መጨረሻው መልክ ለመቀየር፣ ባለሙያዎቹ ሬንደር ለሚሉት ሥራ፣ የሰዎቹ ኮምፒውተሮች አቅም አነሰ። የደረሰላቸው አሜሪካ ሜሪላንድ የሚገኘው የቦዊ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአፕል ሰርቨሮች ተያይዘው የቆሙበትን ሱፐር ኮምፒውተሩን ለፊልሙ ሰጠ። ማሰራጨቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ዩቲዩብ በዚያው በማርች ለተራው ተጠቃሚ የ10 ደቂቃ ገደብ ጥሎ ነበርና 10 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ የሚወስደው ፊልም አይገባበትም። ሰው ፋይሉን ራሱ እያወረደ አየው።

ፊልሙ ራሱስ? ፕሩግ የተባለ ሽማግሌና ኢሞ የተባለ ወጣት መጨረሻ በሌለው ማሽን ውስጥ ይጓዛሉ። ሽማግሌው የሚያየውን ወጣቱ አያይም፤ ወይም ማየት አይፈልግም፤ በመጨረሻም ሽማግሌው እጁን ያነሣበታል። ምስሉ ዛሬም ያስደንቃል፤ ታሪኩ ግን ግራ ያጋባል፣ ንግግሩም ይጎረብጣል። ይህን ስል ሠሪዎቹን ለማሳነስ አይደለም። ፀጉር የሚሠራበት ሥርዓት፣ ምስል ከምስል የሚዋሐድበት ክፍል፣ የእንቅስቃሴ መሣሪያው መታደስ፣ ሁሉም ይህን ፊልም ለመጨረስ ሲባል ተሠርተው ብሌንደር ውስጥ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን የከፈተ ተማሪ ሁሉ የእነዚያን ወራት ድካም ወርሷል።

በ2008 ሁለተኛው መጣ፤ «ቢግ ባክ በኒ»። ሳሻ ጉደገቡረ ያዘጋጀው፣ ግዙፍና ደግ ጥንቸል ሦስት ተንኮለኛ እንስሳት ሲያስቸግሩት የሚያሳይ አስቂኝ ፊልም ነው። ስሙን የማያውቅ እንኳ ጥንቸሉን ሳያይ አልቀረም፤ ፈቃድ መጠየቅ ስለማያስፈልግ ቪዲዮ ማጫወቻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሥራቸውን የሚፈትሹበት ፊልም ሆኗል። በ2010 «ሲንቴል» ተከተለ። ኮሊን ሌቪ ያዘጋጀው፣ አንዲት ልጅ የተነጠቀችውን ትንሽ ዘንዶ ፍለጋ የምትንከራተትበት ነው፤ ከሁሉም ልቤን የነካው እሱ ነው።

በ«ሲንቴል» ላይ የደረሰውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ኤፕሪል 2014 ዩቲዩብ ፊልሙን አገደው፤ ምክንያቱ በሶኒ ስም የቀረበ የባለቤትነት ጥያቄ ነበር። ለዓለም ሁሉ በነፃ የተሰጠ ሥራ፣ የሌላ ንብረት ነው ተብሎ ከሠሪዎቹ ገጽ ወረደ። ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ፤ ነገር ግን በአውቶማቲክ የሚፈርደው ሥርዓት ሀብታሙን ባለመብት አስቀድሞ እንደሚያምን በግልጽ አሳየ። እንዲህ ያለ ነገር ስም በሌለው ወጣት ሥራ ላይ ቢደርስ ማን ይጮኽለታል?

ይህን ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ መንገሬም ያለ ምክንያት አይደለም። በውጭ ምንዛሪ መክፈያ ካርድ ለአብዛኛው ሰው በማይገኝበት አገር፣ ሰባት ሺህ ዶላር ቀርቶ በወር ሃያ ዶላር የሚጠይቅ ሶፍትዌርም ደጁ የተዘጋ ነው። ወጣቶቻችን የተሰረቀ ቅጂ ይጭናሉ፤ ቫይረሱንም፣ ነገ ሥራቸውን በሕጋዊ መንገድ መሸጥ ያለመቻሉንም ስጋት አብረው ይጭናሉ። ብሌንደር ግን ለአዲስ አበባው ልጅም ለአምስተርዳሙም አንድ ነው፤ የጥንቸሉም ፋይል እንዲሁ። አንድ ትዕይንት ከፍቶ መብራቱ ከየት እንደመጣ፣ ክንዱ በምን አጥንት እንደሚታጠፍ መመርመር ይቻላል።

ከላትቪያ የተነሣው ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሠራውም ይህንኑ ያሳያል። ከአጫጭር ፊልሞች ተነሥቶ በ2019 «አዌይ» የተባለውን ረጅም ፊልም ብቻውን ጨረሰ፤ ቀጥሎም ከማያ ወጥቶ ወደ ብሌንደር ዞረ። «ፍሎው» የተባለው፣ ንግግር የሌለበት የድመት ፊልሙ በ3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሠርቶ ማርች 2 ቀን 2025 «ኢንሳይድ አውት 2»ንና «ዘ ዋይልድ ሮቦት»ን በልጦ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ለላትቪያም የመጀመሪያዋ ነበር። የመጨረሻውን ሬንደር ያካሄደው በራሱ ኮምፒውተር ነው፤ አንዱ ምስል ቢበዛ አሥር ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሰርቨሩን እንዲያውሰው መለመን አላስፈለገውም።